ተራህ ባልሆነ ሰዓት፦ የካራቴና የጁዶ ትሬኒንግህን ከሚያበላሽ ጸባይ እንዴት ትላቀቃለህ

ሰላም ናችሁ? ይሄን ምጽፈው ካራቴ፣ ጁዶ፣ ኬንዶ (በቀርከሃ ጎራዴ ሚሰራው)፣ አይኪዶ ከጀመራችሁ አንድ ሁለት ዓመት ለሆናችሁ ነው። ከዛ በላይ የቆያችሁም አንብቡት፣ እኔ ራሴ መበላሸቴን ያወቅኩት ከስምንት ዓመት በኋላ ነው፣ ያውም ብራውን ቤልት ታጥቄ ለትምህርት ጃፓን ከሄድኩ በኋላ። "አንተ" እያልኩ ነው ምጽፈው፣ እህቶች ለራሳችሁ እየቀየራችሁ አንብቡት።

መጥፎ ተማሪ ሲባል ሰው ቶሎ ትዝ ሚለው ሰነፉ፣ ቀሪው፣ ፑሽ አፕ ላይ ሆዱን መሬት አስተኝቶ ሚያርፈው ነው። ኧረ እሱስ ደህና ነው፣ ወይ ይለምዳል ወይ ይተወዋል። አስቸጋሪው ጎበዙ ነው። እግሩ ጆሮ ግንድ ጋ ሚደርሰው፣ ሴንሴይ፣ ማለትም አስተማሪው፣ ሲያሳይ "ይቺንማ አውቃታለሁ" ብሎ ግድግዳ ተደግፎ ሚጠብቀው፣ ከማን አንሼ ባዩ፣ ከጀመረች ሳምንት የሆናትን ልጅ ማንም ሳይጠይቀው ቆሞ ሚያስተምራት፣ ፈተና ሲቃረብ በየቀኑ መጥቶ ቀበቶው ሲቀየርለት ሁለት ወር ሚጠፋው። እኔ ነበርኩ ይሄ፣ ስለዚ ማንንም እያማሁ አይደለም።

አሁን አንድ ሂሳብ እንስራ። ክላሱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው እንበል። ሰላምታው፣ ዋርም አፑ፣ ሴንሴይ ሚያሳይበት፣ መስመር ላይ ቆመህ ተራ ምትጠብቅበት፣ ፓርትነርህ አንተ ላይ ሚሰራበት፣ ውሃ፣ ጽዳት፣ ይሄን ሁሉ ቀንስና አንተ ራስህ ቴክኒክ ምትሰራባትን ደቂቃ ቁጠር። እኔ አንድ ቀን ቆጥሬው ወደ 25 ደቂቃ ነው የወጣልኝ። ታዲያ ቀሪው አንድ ሰዓት ከምናምን የማን ነው? አብዛኛው ሰው የማንም አይደለም ብሎ ነው ሚያሳልፈው፣ መጥፎ ልማድ ሚራባው ደግሞ እዛው ውስጥ ነው። ስለዚ ቡጢህን ሚያስተካክልልህ ሴንሴይህ አለ፣ እኔ ምነግርህ ስለቀሪው ሰዓት ነው፣ ከቤት ከምትወጣበት ጀምሮ በቅደም ተከተል።

1. ከቤት ሳትወጣ

ጥፍርህን ቁረጥ፣ የእግርህንም። የእግር ጥፍር ሰው ቅልጥም ላይ ምን እንደሚያደርግ ያየ አይስቅም። ቀለበት፣ ሰዓት፣ ሀብል፣ ሎቲ እቤት ይቀመጥ። ጊህን፣ ማለትም ነጩን ልብስ፣ ከእያንዳንዱ ትሬኒንግ በኋላ እጠበው። ማክሰኞ ላብ በላብ ሆኖ ቦርሳ ውስጥ ጠቅልለኸው ሐሙስ ስታወጣው ላንተ ላይሸትህ ይችላል፣ ኮሌታህን ይዞ አፍንጫው ደረትህ ላይ ያረፈው ፓርትነርህን ጠይቀው። ቀበቶም ይታጠባል! ቀበቶ ከታጠበ ልምድህ አብሮ ይታጠባል ሚሉ አሉ፣ ድሮ ነጭ ቀበቶ በላብና በቆሻሻ ብዛት ጠቁሮ ነው ብላክ ቤልት የመጣው ከሚለው ተረት ጋር አብራ ምትወራ ናት፣ እውነተኛውን ታሪክ ታች ስለ ፈተና ሳወራ እነግርሃለሁ።

ስትለብስ የግራው በኩል ከላይ፣ የቀኙ ከስር። ጃፓን ውስጥ በተቃራኒው ሚለበሰው ሬሳ ነው፣ የኔን ያስተካከሉልኝ አንዲት እናት ልጃቸውን ሊያመጡ መጥተው በር ላይ አይተውኝ ደንግጠው ነው።

ከዛ 15 ደቂቃ ቀድመህ ድረስ። "ሰዓቴ ላይ ደረስኩ" ማለት ጃፓን ውስጥ አርፍደሃል ማለት ነው፣ ወለሉን ጠርጎ ሚጠብቅህ ሰው አለና።

2. በሩ ላይ

ጫማህን አውልቀህ ጫፉን ወደ ውጪ አዙረህ አስተካክለህ አስቀምጥ፣ የሌላ ሰው ተበታትኖ ካየህም እግረ መንገድህን አስተካክልለት። ስትገባ ጎንበስ በል። ይሄ ሬይ ሚባለው ሰላምታ ነው፣ የካራቴን የጃፓን ታሪክ ሚያውቅ ሰው ፉናኮሺ ጊቺንን ያውቃል፣ በ1922 ከኦኪናዋ መጥቶ ቶክዮ ላይ ካራቴን ያሳየው ሰውዬ፣ ለተማሪዎቹ ከተዋቸው 20 ደንቦች የመጀመሪያው ካራቴ በሬይ ጀምሮ በሬይ እንደሚያልቅ ነው ሚናገረው። እኛ ጋ አንዳንዱ "ለጣኦት መስገድ ነው" ብሎ ይፈራል፣ አንዳንዱ ደግሞ እየሮጠ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። የመጀመሪያው ግራ ከገባው ሴንሴዩን ይጠይቅ፣ ለታላቅ ሰው ጎንበስ ብለን "እንደምን አደሩ" እንደምንለው ነው። ሁለተኛው ግን ችግር አለበት፣ ሬይን ሚያበላሽ ሰው ፓርትነሩን ሳያየው ነው ትሬኒንግ ሚጀምረው።

ካረፈድክ ሰተት ብለህ መስመሩ ውስጥ አትግባ። ልብስህን ቀይረህ በሩ አጠገብ ጠርዝ ላይ በጉልበትህ ተቀመጥ፣ ሴይዛ ሚባለው አቀማመጥ ነው፣ ሴንሴይ አይቶ ምልክት እስኪሰጥህ ጠብቅ፣ ከዛ ሬይ አድርገህ በጀርባ በኩል ዞረህ መስመሩ መጨረሻ ላይ ቁም። ትራንስፖርት ነው ምናምን የሚለውን ክላሱ ካለቀ በኋላ ትናገራለህ። ስልክ ሳይለንት ሳይሆን ጠፍቶ ቦርሳ ውስጥ።

3. ሴንሴይ ሲያሳይ

ሴንሴይ ቴክኒኩን ሲያሳይ አብረኸው አትስራ። ይቺ ብዙ ጎበዝ ተማሪ ላይ ያለች በሽታ ናት፣ እጁ አያርፍም፣ እሱ እያሳየ ይሄኛው ከጎን እየሰራ ነው፣ ግን ሚሰራው የሚያየውን ሳይሆን ድሮ ሚያውቀውን ነው። ጃፓኖች ማየትን ራሱን እንደ ትሬኒንግ ነው ሚቆጥሩት፣ ሚቶሪ ጌይኮ ይሉታል፣ በማየት መለማመድ ማለት ነው።

እንዲህ አድርግ። አብዛኛው ሴንሴይ ሁለት ሦስት ጊዜ ያሳያል። የመጀመሪያው ላይ እግሩን ብቻ እይ፣ የትኛው እግር ቀድሞ ተንቀሳቀሰ፣ ተረከዙ የት ዞረ። ሁለተኛው ላይ ወገቡን፣ ሦስተኛው ላይ ነው እጁን ምታየው። ሰው ሁሉ ከእጅ ስለሚጀምር ቡጢው ሲያምር እግሩ ሌላ ሀገር ነው። አንዴ ብቻ ካሳየ እግሩን እይ በቃ፣ እጁን ከጎንህ ካለው ትሰርቃለህ።

ጉዳት ሲደርስብህም ቤት አትቅር። ቁርጭምጭሚትህ ከዞረ ደብተር ይዘህ ና፣ ጥግ ተቀመጥና ያንተን ቁመት ሚያክል አንድ ሰው መርጠህ ክላሱን ሙሉ እሱን ብቻ ተከታተል። እኔ ከምሰራበት በላይ የተማርኩባቸው ሦስት ሳምንታት ነበሩ እንደዛ ተቀምጬ፣ የአንድ ሰውዬ ትከሻ ቡጢው ከመነሳቱ በፊት ከፍ እንደሚል አየሁ፣ ከዛ እቤት መስታወት ፊት ስቆም የኔም ከፍ ይላል ለካ።

4. ሲያርሙህ

እዚ ጋ የራሴን ልንገርህ። ጃፓን እንደገባሁ አንድ የከተማ ጂም ውስጥ ያለ የካራቴ ክላስ ተመዘገብኩ፣ ሴንሴዩ ሰባዎቹን ያለፉ ቀጠን ያሉ አዛውንት ናቸው። ሁለተኛው ቀን ላይ መጥተው የኋላ እግሬን ተረከዝ በጣታቸው ነካ አድርገው ወደ ውስጥ አዙር አሉኝ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው፣ በዛች በተሰባበረች ጃፓንኛዬ "ሀገሬ ያለው አስተማሪዬ እንዲህ ነው ያስተማረኝ" አልኳቸው። አልተቆጡም። ፈገግ ብለው "አሃ፣ እንደዛ ነው?" አሉና ወደ ቀጣዩ ሰው ሄዱ። ከዛ ለሦስት ሳምንት አንድም ቀን አላረሙኝም። መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ጎበዝ ስለሆንኩ መስሎኝ! በኋላ አንዱ ሴምፓይ፣ ማለትም ከኔ ቀድሞ የጀመረ ልጅ፣ ባቡር ጣቢያ ድረስ አብረን ስንሄድ ቀስ ብሎ ነገረኝ፣ ሴንሴይ ዝም ያሉት መታረም አልፈልግም ስላልክ ነው አለኝ። እኔ መች አልፈልግም አልኩ? ብያለሁ ለካ።

ስለዚ አሰራሩ ይሄ ነው። ሲያርሙህ "ሃይ" በል። ሃይ ማለት ሰምቻለሁ ማለት ነው፣ ተስማምቻለሁ ማለት እንኳን አይደለም። ከዛ በተባልከው መንገድ ቢያንስ አስር ጊዜ ስራ፣ ሴንሴይ ፊቱን ሲያዞር ወደ ድሮው አትመለስ፣ እሱ ደግሞ ሁልጊዜ በጎን ያያል። "ግን"፣ "እኔ እኮ"፣ "ቅድም ደክሞኝ ነው እንጂ" ሚሉ ቃላት ለጊዜው የሉም። ካልገባህ ክላስ ሲያልቅ ሄደህ ጠይቅ፣ በደምብ ይመልሱልሃል። በሚቀጥለው ቀን ያረሙህን ነገር አስተካክለህ ከመጣህ ሁለተኛውን ይነግሩሃል፣ ካላስተካከልክ ለምን ይጨምሩልሃል?

ሌላ ሰው ሲታረምም ላንተ እንደተነገረ ቁጠረው፣ ከጎንህ ላለው "ተረከዝ" ሲባል የራስህን ተረከዝ እይ። እኔ ግን እንዲህ ሲባል ዞሬ የልጁን እግር ነበር ማየው።

ማንም ሳይጠይቅህ ደግሞ አታስተምር። ፓርትነርህ ከተሳሳተ በቴክኒክህ ንገረው፣ ትክክለኛውን ርቀት ይዘህ በትክክለኛው ፍጥነት ስትመጣበት ስህተቱ ለራሱ ይታየዋል። የአንድ ዓመት ተማሪ የሁለት ወሩን ሲያስተምር ሁለቱም ይቆማሉ፣ አንደኛው ያወራል ሌላኛው ይሰማል፣ ክላሱ ይሄዳል።

5. ኡኬ ስትሆን

ይሄ ዋናው ነው፣ ረዘም አደርገዋለሁ። ጁዶና አይኪዶ ውስጥ ቴክኒኩ ሚሰራበት ሰው ኡኬ ይባላል፣ ተቀባይ እንደማለት ነው። ካራቴም ላይ በጥንድ ስትሰራ አንዱ ያጠቃል አንዱ ይከላከላል። ማለት ግማሹን ጊዜ አንተ ለሰውዬው ዕቃው ነህ፣ ጥሩ ዕቃ ወይ የተሰበረ ዕቃ መሆን ያንተ ምርጫ ነው።

መጀመሪያ አወዳደቅ፣ ኡኬሚ። ጁዶ ከጀመርክ ሌላ ማንኛውንም ነገር ቸኩለህ ይሄን አትዝለል። የጃፓን ትምህርት ቤቶች ውስጥ ከ1983 ጀምሮ ባሉት ወደ 30 ዓመታት ውስጥ ከ100 በላይ ተማሪዎች ጁዶ ሲለማመዱ ሞተዋል፣ ብዙዎቹ ጭንቅላታቸው ተጎድቶ፣ ብዙዎቹ ደግሞ ገና ጀማሪዎች የነበሩ ናቸው። በ2012 ቡዶ፣ ማለትም እነ ጁዶና ኬንዶ፣ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ላይ የግድ ትምህርት ሲሆን ትልቅ ክርክር ያስነሳው ይሄው ነው። ብዙ ጊዜ ስሟ ሚነሳው ኦሶቶ ጋሪ ናት፣ እግርህን ከውጪ በኩል አጭዶ ወደ ኋላ ሚጥልህ፣ ምክንያቱም በጀርባ ስትወድቅ አገጩን ያልደበቀ ሰው መጀመሪያ መሬት ሚነካው የጭንቅላቱ ጀርባ ነው።

እንዲህ ተለማመደው። ቁጢጥ ብለህ ጀምር፣ ቆመህ አይደለም። አገጭህን ደረትህ ላይ አድርግና የቀበቶህን ቋጠሮ እይ፣ ቋጠሮው ከታየህ ጭንቅላትህ መሬት አይነካም። መቀመጫህ፣ ጀርባህ እያለ ኳስ ሆነህ ተንከባለል፣ ጀርባህ ሲያርፍ ሁለት እጅህን ከጎንህ ትንሽ ራቅ አድርገህ መዳፍህን ወደታች ከክርንህ ጋር በአንዴ ምንጣፉን ምታ፣ ትንፋሽህን እያወጣህ። እጅህን ወደ ኋላ ዘርግተህ መሬት ለመደገፍ እንዳትሞክር፣ አንጓ ሚሰበረው በዛ ነው። ሃያ ጊዜ በየክላሱ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ፣ ብላክ ቤልቶቹም ዋርም አፕ ላይ ሲያደርጉት ታያለህ አይደል?

ቀጥሎ የተቀባይ ጸባይ። ሁለት አይነት መጥፎ ኡኬ አለ። አንዱ ግድግዳው ነው፣ ምን ቴክኒክ እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ቀድሞ ይደነድናል፣ ፓርትነሩ ሲያቅተው ፈገግ ይላል። ወንድሜ፣ የሚመጣውን ነግረውህ ማቆም ምን ጀግንነት አለው? ሁለተኛው ቅጠሉ ነው፣ ገና ሳይነኩት ይወድቃል፣ ከዛ ያኛው ሰው ቴክኒኬ ይሰራል ብሎ ተሸውዶ ይሄዳል። መካከለኛው ምን መሰለህ፣ ሚዛንህን ጠብቀህ በተፈጥሮ ትቆማለህ፣ እውነት ሚዛንህን ሲወስደው ትወድቃለህ፣ ካልወሰደው ቆመህ ትቀራለህ፣ ዝም ብለህ። እሱ ራሱ ያውቀዋል።

ካራቴ ላይ ደግሞ የኢፖን ኩሚቴው ውሸት፣ አንዱ ቀድሞ ተናግሮ አንዴ ሚያጠቃበት ሌላው ሚከላከልበት ልምምድ። ዒላማው ፊት ነው ተብሎ ታውጇል፣ "ጆዳን" ብለህ ጮኸሃል፣ ከዛ ቡጢህ ከጆሮው ጎን አንድ ስንዝር ርቆ ያልፋል። ለምን? እንዳልመታው አዘንኩለት ትላለህ። ግን ያልመጣን ቡጢ ሲያግድ የኖረ ልጅ አንድ ቀን እውነተኛው ሲመጣበት አጥንቱ ነው ሚያግደው። ቡጢህ አገጩን ያነጣጥር፣ ካላገደ ቆዳው ጋ ቆሞ እንዲቀር ርቀትህን ቀድመህ ለካ፣ እጅህን ዘርግተህ። ጀማሪ ከሆነ ፍጥነቱን ቀንስ እንጂ አቅጣጫውን አትቀይር። ይቺን ያዝልኝ፣ ለደካማ ፓርትነር ሚቀነሰው ፍጥነትና ጉልበት ነው፣ ልጅ ላይ፣ ክብደቷ ከግማሽህ ትንሽ ከፍ ምትል ሴት ላይ፣ አባትህን ሚያክል ሰው ላይ ሙሉ ኃይል ሚጠቀም ሰው ጎበዝ አይባልም፣ የእሱን እኩያ ሲያገኝ ደግሞ ቀስ ሚል እሱ ነው።

እጅ ተጠምዞ ወይ አንገት ታንቆ ሲያምህ ቶሎ ሁለቴ መታ መታ አድርግ፣ ምንጣፉን ወይ የሰውዬውን ገላ፣ እጅህ ካልተመቸ "ማይታ" በል። አንተ ያዢው ከሆንክ ደግሞ በመጀመሪያዋ መታ ልቀቅ፣ ሁለተኛዋን አትጠብቅ። ዘግይቶ ሚለቅ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ፓርትነር ያጣል፣ ማንም ግን ምክንያቱን አይነግረውም።

6. ካታ፣ እቤት

ካታ ብቻህን በተወሰነ ቅደም ተከተል ምትሰራቸው እንቅስቃሴዎች ናቸው። ዩቲዩብ ላይ 26ቱንም የሾቶካን (የፉናኮሺ የካራቴ ስታይል) ካታ ማግኘት ትችላለህ፣ በአንድ ወር ውስጥ ቅደም ተከተላቸውን ብትሸመድድም ሚያግድህ የለም፣ እኔም ሸምድጃለሁ። ፉናኮሺ ግን ወጣት እያለ ሦስቱን የቴኪ ካታዎች ብቻ ለመማር ወደ 10 ዓመት እንደፈጀበት ራሱ ተርኳል። እኛ አሁን 10 ዓመት አንድ ቦታ ላይ እንቁም አልልህም፣ አንዷን ብቻ ግን ለሦስት ወር ያዝ።

ሄያን ሾዳንን እንውሰድ፣ 21 እንቅስቃሴ ናት፣ ሁሉም ሰው አውቃታለሁ ሚላት። ኖራ ወይ ጠመኔ ውሰድና ግቢ ውስጥ ምትነሳበት ቦታ ላይ በሁለቱም እግሮችህ ዙሪያ መስመር አስምር። ካታውን ስትጨርስ እዛው መስመር ላይ መቆም አለብህ። ሞክረው እስኪ። ግማሽ እርምጃ ወደ ፊት ወይ ወደ ጎን ከወጣህ እርምጃዎችህ እኩል አይደሉም ማለት ነው፣ የሆነ ቦታ ላይ አሳጥረሃል ወይ ዞረህ ተንሸራተሃል፣ ማንም ሳይነግርህ መሬቱ ነገረህ።

ከዛ ቁራጭ ቁራጭ አድርጋት። አንድ ሳምንት እጅህን ወገብህ ላይ አድርገህ እግሩን ብቻ። ቀጣዩ ሳምንት መዞሪያዎቹን ብቻ፣ በተለይ ከሦስቱ የላይ መከላከያዎች በኋላ ኪያይ ብለህ፣ ማለትም ጮኸህ፣ ምትዞራትን ትልቋን ዙረት፣ 270 ዲግሪ ናት፣ ሰው ሁሉ እዛ ላይ ነው ሚንገዳገደው፣ ስትዞር ጭንቅላትህ መጀመሪያ ይዙር፣ እግርህን በአካልህ ስር አሳልፈህ አስቀምጥ፣ ከጎን ወርውረኸው አይደለም። ሦስተኛው ሳምንት ሙሉውን በጣም ቀስ ብለህ ያለ ጉልበት፣ መጨረሻ ላይ አንዴ ብቻ በሙሉ ኃይል። በቀን 15 ደቂቃ ይበቃል ግን በየቀኑ፣ እሁድ አንድ ላይ ሁለት ሰዓት አይደለም። ቪዲዮ በሳምንት አንዴ ብቻ ቅረጽ፣ በየቀኑ ከቀረጽክ ለካሜራው መስራት ትጀምራለህ፣ ከዛ ቲክቶክ ላይ ትለቀዋለህ፣ ከዛ በቃ።

7. ቀበቶ

ቃል የገባሁልህ ታሪክ ይሄው። የጁዶ መስራቹ ካኖ ጂጎሮ ኮዶካን ሚባለውን የጁዶ ትምህርት ቤቱን ቶክዮ ላይ በ1882 ሲከፍት ኤይሾጂ ሚባል ቤተ መቅደስ ውስጥ 12 ታታሚ (የጃፓን የወለል ምንጣፍ) ምትሆን ክፍል ነበረችው። በቀጣዩ ዓመት ለሁለት ተማሪዎቹ የመጀመሪያውን ዳን፣ ማለትም የብላክ ቤልት ደረጃ፣ ሰጠ፣ ጥቁር ቀበቶ መታጠቅ የተጀመረው ደግሞ በ1886 ነው። ቆሽሾ የጠቆረ የለም፣ ሰውዬው አስቦበት ነው ያመጣው። ቀለም በቀለም የሆኑት ቀበቶዎች የመጡት በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ብላክ ቤልት ስሙ ሾዳን ነው። "ሾ" መጀመሪያ ማለት ነው፣ መነሻ። እኛ ሰፈር ግን ብላክ ቤልት ያገኘ ሰው ድግስ ደግሶ ይጠፋል፣ እንደ ተመራቂ። ወደ ላይ ስትወጣ ደግሞ መንገዱ ይጠባል፣ ኬንዶ ላይ ስምንተኛ ዳን ለመፈተን 7ኛ ዳን ካገኘህ 10 ዓመት ማለፍ አለበት፣ ዕድሜህም ቢያንስ 46፣ ከተፈታኞቹ ሚያልፈው ደግሞ ከመቶ አንድ አካባቢ ነው። ሽበት ያላቸው ሰዎች ወድቀው በሚቀጥለው ዙር እንደገና ይመዘገባሉ።

ስለዚ ሁለት ነገር አድርግ። "መቼ ነው ምፈተነው?" ብለህ አትጠይቅ፣ ሲደርስ ይነግሩሃል። ፈተና ካለፍክ ደግሞ በማግስቱ ያለውን ክላስ በምንም ተአምር አትቅር፣ ታመህ ካልሆነ። የሚጠፋ ሰው ሚጠፋው ከዛች ማግስት ጀምሮ ነው፣ "አንድ ሳምንት ልረፍ" ብሎ።

8. ስታሸንፍ

እኛ ጋ ያሸነፈ ይፎክራል፣ ዘራፍ ማለት ወግ ነው፣ አባቶቻችንም ብለዋል። ኬንዶ ላይ ግን ነጥብ አስቆጥረህ እጅህን ጨብጠህ ወደ ላይ ብታነሳ ዳኞቹ ነጥቡን ሊሰርዙብህ ይችላሉ። ምክንያቱ ዛንሺን ነው፣ ከመታህ በኋላም ተቃዋሚህ ላይ ንቁ ሆነህ መቆየት፣ የጨፈረ ሰው ደግሞ ንቃቱን ጥሏል። በ1964 የቶክዮ ኦሎምፒክ ላይ ጁዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ ሆላንዳዊው አንቶን ሄሲንክ ኒፖን ቡዶካን ውስጥ በጃፓኖቹ ፊት ጃፓናዊውን ካሚናጋን አሸነፈው። የሀገሩ ሰዎች በደስታ ወደ ምንጣፉ ሊሮጡ ሲሉ ገና ካሚናጋን እንደያዘ እጁን ዘርግቶ አስቆማቸው። ጃፓኖች ሽንፈቱ አስለቅሷቸው ነበር፣ ያቺን እጅ ግን እስከዛሬ ያነሷታል።

ዶጆ፣ ማለትም ትሬኒንግ ቤት፣ ውስጥ ዋንጫ የለም፣ ግን ስፓሪንግ ላይ አንድ ጥሩ ምት ሲገባልህ ጓደኛህን ዞረህ ማየት ትወዳለህ አይደል? እሷን ተው። ከተመታህም "አልነካኝም" አትበል።

9. አክብሮት የት ጋ ያቆማል

እስካሁን ዝም በል፣ ሃይ በል፣ ጠብቅ እያልኩህ ነው፣ ስለዚ ይሄን ካልጨመርኩ አደገኛ ነው። ሃይ ማለት መደብደብን መቀበል አይደለም። በ2013 የጃፓን ሴቶች ጁዶ ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ስራውን የለቀቀው 15 ስፖርተኞች መትቶናል፣ በጥፊም በቀርከሃ ጎራዴም፣ ብለው ከከሰሱት በኋላ ነው። እነሱ ከኔና ካንተ በላይ ሬይ ሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ሴንሴይ ጭንቅላትህ ተመትቶ ዞሮብህ ሳለ ቀጥል ካለህ፣ ቅጣት ብሎ ካቆሰለህ፣ ከክላስ ውጪ ብቻህን ና ብሎ ካላማረህ፣ ቦርሳህን ይዘህ ውጣ፣ ለቤተሰብ ተናገር። ጭንቅላትህን ተመትተህ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ ማንቀላፋት ካለ የዛን ቀን ሐኪም ቤት ነው፣ ትሬኒንግ አይደለም።

10. ጨርቁ

ክላሱ አልቆ አብዛኛው ሰው ቦርሳውን ሚያነሳበት ሰዓት ነው። ጃፓን እኔ ምሰራበት የእንጨት ወለል ላይ ከኛ በኋላ የልጆች ኬንዶ ስለነበር ወለሉን ወልውለን ነው ምናስረክበው። አንድ ቀን ጨርቁን ባልዲ ውስጥ ነክሬ እየጨመቅኩ፣ እኛ እንደምንጨምቀው፣ በአግድም፣ ሁለት እጄን ጎን ለጎን አድርጌ ስጠመዝዘው አንድ ሰባት ዓመት ሚሆነው የኬንዶ ልጅ መጥቶ ዝም ብሎ አየኝ። ከዛ ጨርቁን ከእጄ ወሰደው። በቁም ያዘው፣ አንድ እጁ ከላይ አንዱ ከታች፣ እንደ ጎራዴ እጀታ፣ ሁለቱንም አንጓ ወደ ውስጥ እየጠመዘዘ ጨመቀው፣ ከኔ ጨርቅ ያልወጣ ውሃ ጠብ ጠብ ብሎ ወጣ። "ሺናይ እንዲህ ነው ሚያዘው" ብሎኝ ሄደ። በኋላ ስጠይቅ እውነቱን ነው፣ ኬንዶ ላይ በሺናይ፣ በቀርከሃው ጎራዴ፣ ስትመታ አጨባበጡን ሚያስተምሩት በጨርቅ መጭመቅ ነው፣ ቻኪን ሺቦሪ ይሉታል። እኔ ለስንት ወር ጽዳት ነው እያልኩ የተነጫነጭኩበት ነገር ለነሱ ትሬኒንግ ነበር።

ስለዚ አሰራሩ፦ ጨርቁን ሁለት ቦታ እጠፍ፣ ንከር፣ በቁም ይዘህ እስኪበቃው ጭመቅ፣ በጣም እርጥብ ከሆነ እንጨቱ ያብጣል ቀጥሎ ሚሰራውም ሰው ያንሸራትተዋል። ወለሉ ላይ ዘርጋው፣ ሁለት መዳፍህን አስቀምጥ፣ መቀመጫህን ከፍ አድርገህ በእግር ጣቶችህ እየገፋህ ከጥግ እስከ ጥግ ቀጥ ብለህ ሩጥ፣ ስትመለስ ቀጥሎ ያለውን መስመር ያዝ፣ መሀል ላይ ሳይጠረግ ሚቀር መስመር እንዳይኖር። ጭን ያቃጥላል፣ ከዋርም አፑ በላይ። ከአንተ በታች ያለ ቀበቶ ቀድሞህ ጨርቁን ካነሳ ሌላ ፈልገህ አንሳ። ስትጨርስ እጠበውና ዘርግተህ ስቀለው፣ ጨምድደህ ባልዲው ውስጥ ትተኸው ከሄድክ ለሚቀጥለው ቀን ይሸታል።